ካልሲየሙ ከጓዳ ነው የሚወጣው፦ ስለ ጡንቻ መኮማተር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱሉልታ ቤቴ ውስጥ የጤና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ አስጠናለሁ። አብዛኞቹ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዘው፣ እንጦጦን ተሻግረው ነው የሚመጡት። የጠዋቱን ብርድ ችለው ስለሚመጡ እወዳቸዋለሁ። ግን በየዓመቱ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱም በየዓመቱ አንድ ነው።

"ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያደርገው ካልሲየም ከየት ይመጣል?"

"ከደም፣ ቲቸር።"

ባለፈው ቅዳሜ አምስት ልጆች ተራ በተራ እንዲህ ሲሉኝ ይህን ለመጻፍ ተነሳሁ።

ካልሲየሙ ከደም ይመጣል ማለት

ከሁሉም የሚያቃጥለኝ ይኸኛው ነው። እዚህ የሳተ ተማሪ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ይስታል።

እጅና እግራችንን የሚያንቀሳቅሰው የአጽም ጡንቻ የራሱ ጓዳ አለው። ሳርኮፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይባላል። በእያንዳንዱ የጡንቻ ሕዋስ ውስጥ እንደ መረብ የተዘረጋ ከረጢት ነው። ካልሲየሙ እዚያ ተጠራቅሞ ይቀመጣል። ባለሙያ ሴት በርበሬ ባስፈለጋት ቁጥር ገበያ አትወጣም፤ ከጓዳዋ ትዘግናለች። ጡንቻም እንደዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ነርቩ አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይለቃል። የጡንቻው ሕዋስ ሽፋን ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ይነሳል። ምልክቱ ቲ-ቱቡል በሚባሉ ቀጫጭን ቦዮች ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይዘልቃል። የቦዩ ግድግዳ ላይ ኤሌክትሪኩን የሚሰማ ፕሮቲን አለ፤ ዳይሃይድሮፒሪዲን ሪሴፕተር ይሉታል። የጓዳው በር ደግሞ ሪያኖዲን ሪሴፕተር ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ተነካክተው ነው የተቀመጡት። የመጀመሪያው ቅርጹን ሲቀይር ሁለተኛውን ይገፋዋል። በሩ ይከፈታል፣ ካልሲየሙ ይፈሳል። ለዚህ ሥራ ከውጭ የሚገባ ካልሲየም አያስፈልግም።

ስህተቱ የሚመጣው ከልብ ነው። ልብ ውስጥ በእያንዳንዱ ምት ትንሽ ካልሲየም ከውጭ ይገባል፤ ያ ትንሹ ነው የጓዳውን በር የሚያስከፍተው። እንግሊዛዊው ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1883 ይህን ያየው በእንቁራሪት ልብ ላይ ነው። በለንደን የቧንቧ ውሃ በተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ልቡ ይመታ ነበር። በተጣራ ውሃ ሲዘጋጅ ግን ምቱ ደከመ። የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ነበረው። ተማሪዎቼ ይህን የልብ ታሪክ ይወስዱና ባት ላይ ይለጥፉታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 ተመራማሪዎች የእንቁራሪት የአጽም ጡንቻ ሕዋስ ካልሲየም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ነከሩ። ሕዋሱ ሲቀሰቀስ ለብዙ ደቂቃዎች መኮማተሩን ቀጠለ። ክርክሩን የሚዘጋው ይህ ነው።

ቤተ ሙከራ የለንም የሚል ካለ ሰፈራችንን ይመልከት። አምሎዲፒን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ስንት አዛውንት አሉ። መድኃኒቱ ካልሲየም ከውጭ የሚገባበትን በር ይዘጋል። የደም ሥር ጡንቻ ከውጭ የሚገባውን ካልሲየም ስለሚፈልግ ይላላል፤ ግፊቱም ይወርዳል። አዛውንቱ ግን ኪኒናቸውን ውጠው ዳገቱን ወጥተው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። እግራቸው አልከዳቸውም።

ማደንዘዣ የምትማሩ ልጆች ይህን በደንብ ያዙ። የሪያኖዲን ሪሴፕተር ጉድለት ይዞ የተወለደ ሰው ሃሎቴን የሚባለው ማደንዘዣ ሲሰጠው የጓዳው በር ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። ጡንቻው ይገትራል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ዳንትሮሊን የሚባለው መድኃኒት የሚያድነው ያንን በር ስለሚዘጋ ነው። በሩ የት እንዳለ ያላወቀ ባለሙያ ይህን እንዴት ይረዳዋል?

ቁጥሩንም ያዙ። ባረፈ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም 0.1 ማይክሮሞላር አካባቢ ነው። ከሕዋሱ ውጭ ግን ከ1,000 ማይክሮሞላር በላይ ነው። ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ነው። ጡንቻው ሲኮማተር የውስጡ ከ1 እስከ 10 ማይክሮሞላር ይደርሳል፤ ያውም ለአፍታ።

ካልሲየም ጉልበት ይሰጣል ማለት

አይሰጥም። የሚጎትተው ማዮሲን የሚባለው የጡንቻ ፕሮቲን ነው፤ ጉልበቱ የሕዋሱ ነዳጅ ከሆነው ከኤቲፒ ነው። ካልሲየም ሥራውን ጀምሩ ይላል እንጂ አብሮ አይጎትትም።

ካልሲየም አክቲን ላይ ይጣበቃል ማለት

አክቲን ማዮሲን ይዞ የሚጎትተው ክር ነው። ካልሲየም የሚጣበቀው ግን ትሮፖኒን ሲ የሚባል ፕሮቲን ላይ ነው። ትሮፖማዮሲን የሚባል ሌላ ፕሮቲን እንደ ገመድ አክቲን ላይ ተጋድሞ ማዮሲን የሚይዝበትን ቦታ ይጋርዳል። ካልሲየም ትሮፖኒንን ሲይዘው ገመዱ ዞር ይላል፣ ቦታው ይገለጣል። ጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትሮፖኒንን ያገኘው ብዙ ሰው ካልሲየም ይህን ያህል ቦታ አለው ብሎ ባላመነበት ጊዜ ነው። የአንጀትና የደም ሥር ጡንቻ ትሮፖኒን የለውም፤ እዚያ ካልሲየሙን የሚቀበለው ካልሞዱሊን ነው።

መላላት ማረፍ ነው ብሎ ማሰብ

ተማሪ ሁሉ መኮማተርን እንደ ዳዊት ይደግማል። "እንዴትስ ይላላል?" ስል ዝም ይላሉ። ወይም "ካልሲየሙ ያልቃል" ይሉኛል። የት ሄዶ ያልቃል?

ካልሲየሙ ወደ ጓዳው ይመለሳል። የሚመልሰው የጓዳው ግድግዳ ላይ ያለ ፓምፕ ነው። በአንድ ኤቲፒ ሁለት ካልሲየም ይመልሳል። ጓዳው ውስጥ ካልሴኬስትሪን የሚባል ፕሮቲን ይቀበልና አቅፎ ያስቀምጠዋል። ማዮሲንም አክቲንን ለመልቀቅ ሌላ ኤቲፒ ይፈልጋል። ስለዚህ ለመላላትም ይከፈላል።

ይህን የማስተምረው በቅርጫ ነው። በዓል ሲደርስ ሰፈራችን ተሰብስቦ በሬ ይጥላል። ሥጋው ገና ሲመደብ ይንቀጠቀጣል። ሁላችሁም አይታችኋል። ደም አይዞርም፣ ልብ ቆሟል፣ ሥጋው ግን ይርገበገባል። ሕዋሱ ውስጥ ገና ኤቲፒ አለ። የነርቩና የጡንቻው ሽፋንም ገና ይቀሰቀሳል። ካልሲየሙ ከጓዳ ይወጣል፣ ፓምፑ ይመልሰዋል፤ ይወጣል፣ ይመልሰዋል። ሰዓታት ሲያልፉ ኤቲፒው ያልቃል። ፓምፑ ይቆማል፣ ካልሲየሙ እንደፈሰሰ ይቀራል፣ ማዮሲን የያዘውን አክቲን መልቀቅ ያቅተዋል። ሥጋው ድርቅ ይላል። የሞተ ሰው አስከሬን የሚገትረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ኃይል ያለቀበት ጡንቻ ይላላል ብላችሁ ጽፋችሁ ከነበረ አሁኑኑ ሰርዙት።

ባለፈው ፋሲካ አንዲት ተማሪዬ ቤተሰቦቿ የደረሳቸውን ሥጋ በትኩሱ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ እንደከተቱት ነገረችኝ። ሲቀልጥ ተኮማትሮ፣ ውሃ ተፍቶ፣ እንደ ጠፍር ጠንክሮ አገኙት። "በሬው አርጅቶ ነው" ተባለ። በሬው ምንም አላጠፋም። ሥጋው የቀዘቀዘው ኤቲፒው ሳያልቅ ነው። በረዶው ጓዳውን ቀደደው። ሲቀልጥ ካልሲየሙ አንድ ላይ ፈሰሰ፤ ኤቲፒውም ስለነበር ጡንቻው ባለ በሌለ ኃይሉ ተኮማተረ። ትኩስ ሥጋ መጀመሪያ ደርቆ ይለፍለት፣ ከዚያ ይቀዝቅዝ።

ሦስቱን ስም ማደባለቅ

መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ቴታነስ፣ በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ በሽታ ነው። በፊዚዮሎጂ ቴታነስ የምንለው ደግሞ ምልክቶቹ ተከታትለው ሲመጡ፣ ፓምፑ ካልሲየሙን መልሶ ሳይጨርስ ሌላው እየደረሰ፣ ጡንቻው ሳይላላ ጠንክሮ የሚቆይበት ሁኔታ ነው። ከባድ ጀሪካን ስታነሱ ክንዳችሁ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ በሽታ አይደለም። ቴታኒ ደግሞ የደም ካልሲየም ሲያንስ የሚመጣ መሸማቀቅ ነው። ፈተና ላይ ቃሉን አይታችሁ አትቸኩሉ።

የደም ካልሲየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል ብሎ መደምደም

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሜ።

ጤና መኮንን ሆኜ ልምምድ ላይ ነበርኩ። አንዲት እናት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው በማግስቱ ከንፈራቸውንና ጣታቸውን እንደ መርፌ ይወጋኛል አሉ። ግፊታቸውን ልለካ ክንዳቸው ላይ አስሬ አየር ስሞላ እጃቸው ተሸማቀቀ። አውራ ጣታቸው ወደ መዳፋቸው ገባ፣ ጣቶቻቸው ቀጥ ብለው ተገጠሙ። እኔ ካልሲየም እንዳነሰ አልጠረጠርኩም። ካልሲየም ቢያንስ እጃቸው ይዝል ነበር ብዬ አሰብኩ። ተረኛዋ ሲስተር ግን አንዴ አይታ "ካልሲየማቸው ወርዷል" አለች። ልክ ነበረች። ከእንቅርቱ አጠገብ ያሉት ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች ተነክተው ነበር። በደም ሥር ካልሲየም ተሰጣቸውና እጃቸው ተፈታ። ያ እጅ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከሕዋስ ውጭ ያለው ካልሲየም የነርቭን ሽፋን ያረጋጋል። ሲያንስ የነርቩን ምልክት የሚያስነሱት የሶዲየም በሮች በትንሹም በትልቁም ይከፈታሉ። ነርቩ ያለ ትእዛዝ ይተኩሳል። ጡንቻው ደግሞ ጓዳው ሙሉ ነው፤ ነርቩ በጠራው ቁጥር ይኮማተራል።

ይህን ካስተማርኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ያሉ እናት እየሮጡ መጡ። ከወለደች ሁለት ቀን የሆናት የፈረንጅ ላማቸው ወድቃ አልነሳ ብላለች። ተማሪዎቹን ይዤ ሄድኩ። ላሟ አንገቷን ወደ ጎኗ ጠምዝዛ ተኝታለች፣ ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ እግሯ ዝሏል። የእንስሳት ሐኪሙ መጣና "ሚልክ ፊቨር ነው፤ ካልሲየሟ ወተቱ ውስጥ ሄዶ ነው" አለ። አንዱ ልጅ ዞር ብሎ "ቲቸር፣ ታዲያ መሸማቀቅ አልነበረባትም?" አለኝ። በጣም ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው።

ነርቭ አሴቲልኮሊን እንዲለቅ ከውጭ ካልሲየም ወደ ነርቩ ጫፍ መግባት አለበት። የወለደች ላም ካልሲየሟ በጣም ሲወርድ ያ መልእክት ጡንቻው ጋር አይደርስም። ጓዳው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ በሩን የሚያንኳኳ ስለጠፋ ነው። ሐኪሙ ካልሲየሙን በደም ሥር ቀስ እያለ ሰጣት፤ ልቧን በጆሮው እያዳመጠ። ልብ ከውጭ የሚገባውን ካልሲየም እንደሚጠቀም አስታውሱ፤ ቢቸኩል ልቧ ሊቆም ይችላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተነስታ ቆመች።

ባት ሲሸማቀቅ ወተት መጠጣት

እዚህ ሱሉልታ ሯጮች ጠዋት ጠዋት ይለማመዳሉ። ከመካከላቸው ባቱ የተያዘ ልጅ ካለ "ካልሲየም አንሶህ ነው፣ ወተት ጠጣ" የሚለው አይጠፋም። ጤነኛ ሰው ከሩጫ በኋላ ባቱ ቢሸማቀቅ የደም ካልሲየሙ ወርዶ አይደለም። ሰውነት የደም ካልሲየምን አጥብቆ ይጠብቃል፤ ትንሽ ሲጎድል ከአጥንት ያወጣል። ልጁ ቁጭ ይበል፣ እግሩን ይዘርጋ፣ ጣቶቹን ወደ ራሱ ስቦ ይያዝ። ባቱ ሲለጠጥ ይፈታል። ወተቱን ቤቱ ሲገባ ለአጥንቱ ይጠጣው።