መንቀሳቀስ የሚከብደው ታማሚ ከሆስፒታል ሲወጣ ቤቱን እንዴት እናዘጋጅ?

ሐኪሙ «ነገ ትወጣላችሁ» ሲል ቤተሰብ የሚሯሯጠው ለዶሮውና ለድፎ ዳቦው ነው። የሽንት ቤቱን በር ስፋት የለካ ሰው ግን አይገኝም። ታማሚው ቤት ሲደርስ አልጋው ዝቅ ያለ ነው። ሽንት ቤቱ ግቢው ጥግ ላይ ነው። ወይ ደግሞ ቤቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት የለውም።

ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው የሚደክመው በበሽታው ብቻ አይደለም። መተኛቱ ራሱ ጡንቻ ያመነምናል፣ መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ሲነሱ ደግሞ ያዞራል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሁለት ነው፤ እንዳይወድቅ መጠበቅና ተኝቶ እንዳይቀር ማድረግ። እኛ የመጀመሪያውን እንወዳለን። «ተኛ፣ አትነሳ፣ እኔ አመጣልሃለሁ» ማለት ይቀናናል። ሁለተኛውን ግን እንረሳዋለን።

1. ሆስፒታል እያላችሁ ጠይቁ

የመውጫ ወረቀቱን ይዞ መሮጥ አይበቃም። የሚያስታምመው ሰው ራሱ ዋርድ ድረስ ሄዶ እነዚህን ይጠይቅ፤ መልሱንም ይጻፈው።

- የተጎዳው እግር ክብደት መሸከም ይችላል? ሙሉ በሙሉ፣ በከፊል ወይስ ጨርሶ መርገጥ የለበትም? ዳሌ ወይም ጭን ለተሰበረ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይሄ ነው።
- የትኛው መድኃኒት ይቀጥላል? የትኛው ይቆማል? ደም ማቅጠኛ ካለ እስከ መቼ?
- ቁስሉ የት ይታጠባል፣ በስንት ቀኑ?
- የሽንት ቱቦ ካለው ማን ያወጣዋል፣ መቼ?
- ስትሮክ ከሆነ ውሃና ምግብ በደንብ ይዋጥለታል?

ከዚያ ነርሷን ወይም ፊዚዮቴራፒስቱን «ከአልጋ ወደ ወንበር ስናዛውረው እዩን» በሏቸው። እነሱ ሲያደርጉት ማየት ሌላ ነው፣ በራስ እጅ መሞከር ሌላ ነው። ወረቀቱን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም።

2. ቤቱን እንደ ታማሚ ሆናችሁ ዙሩት

ከበር እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት በዝግታ ሂዱ። ዊልቸር ካለ የራሱን ስፋት፣ በጣም የሚሰፋበት ቦታ ላይ፣ በሜትር ለኩ፤ ብዙዎቹ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሆናሉ። የሚገፋው ሰው እጅ ግድግዳ እንዳይፋቅ በሩ 80 ቢሆን ይመረጣል። በሩ ከጠበበ መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅሎ መጋረጃ መስቀል ትንሽ ቦታ ያተርፋል፣ ወጪውም ቀላል ነው። ደፍ ላይ ዘንበል ያለ መሻገሪያ ስታሠሩ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይሰጠው። ካጠረ ገፊውም ተገፊውም ይቸገራሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት በደንብ መርገጥ አለበት፤ ጉልበቱም በግምት ከዳሌው እኩል ይሁን። ለብዙ ሰው ይህ ፍራሹን ጨምሮ ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ዝቅ ካለ የአልጋው እግሮች ሥር የማይንሸራተት እንጨት አስገቡ። ለስላሳ ስፖንጅ መደረብ ግን አያዋጣም፤ ሰውየው ውስጡ ይሰምጥና መነሳት ያቅተዋል። የሳሎኑ ዝቅ ያለ ሶፋም ያው ነው። መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ያለው ጠንካራ ወንበር ይሻላል።

ወለሉ ላይ ያለ ትንሽ ምንጣፍ፣ የቻርጀር ገመድ፣ ጄሪካን፣ በርጩማ ሁሉ ይነሳ። ቄጠማም አይጎዝጎዝ። ለእንኳን ደህና መጣህ ደስ ይላል፤ ክራንች ለያዘ ሰው ግን እርጥብ ቄጠማ ማለት መውደቂያ ነው። ክፍት ነጠላ ጫማም ይቅር፤ ከኋላ የሚይዝና የማያንሸራትት ጫማ ግዙለት። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል የእጅ ባትሪ ከትራሱ አጠገብ አንጠልጥሉ።

ሽንት ቤቱ የቁጢጥ ከሆነ ታማሚው እዚያ መቀመጥ አይችልም። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ሁለት ክንድ ያለው የብረት ወንበር አሠሩ። ቀዳዳው ላይ ይቆማል፤ ማታ ደግሞ ባልዲ ተደርጎበት አልጋ አጠገብ ይሆናል። የፕላስቲክ ወንበር ቆርጦ መጠቀም የተለመደ ነው። ግን ክብደት ሲበዛበት እግሩ ይፈነጫጠራል፣ የተቆረጠው ጠርዝም ቆዳ ይልጣል። ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ስታስገጥሙ በደንብ ይታሰር። የፎጣ መስቀያ ሰው አይሸከምም።

3. ደረጃው

መራመድ የማይችለውን ለማውጣትና ለማውረድ ሁለት ጠንካራ ሰው፣ እግሮቹ የማይወላገዱ አንድ ወንበር፣ አንድ ነጠላ ያስፈልጋል። ታማሚውን አስቀምጡና ደረቱ ላይ በነጠላው ከወንበሩ ጋር እሰሩት። ስትወጡም ስትወርዱም ፊቱ ወደ ደረጃው ታችኛ ጫፍ የዞረ ይሁን። ጠንካራው ሰው ከላይ በኩል ሆኖ መደገፊያውን ይያዝና ወንበሩን ወደ ራሱ ያዘንብለው። ሌላው ከታች የፊት እግሮቹን ይያዝ። አንዱ ብቻ ትዕዛዝ ይስጥ፤ ሁለት አዛዥ ካለ ይሳከራል። በየማረፊያው ቁሙ። ታማሚው የደረጃውን ብረት እንዳይጨብጥ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሰው ሲፈራ ያገኘውን ይይዛል፣ ያኔ ሦስታችሁም ትናጋላችሁ።

ትንሽ መራመድ ለሚችል ደንቡ አጭር ነው፤ ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርድ የታመመው ይቅደም። ከዘራ የሚያዘው በደህናው እግር በኩል ባለው እጅ ነው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል።

4. ከአልጋ ማንሳት

አብዛኛው ሰው የሚወድቀው፣ አስታማሚም ወገቡን የሚያመው እዚህ ጋ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ታማሚው መጀመሪያ በጎኑ ይዙር። እግሮቹን ከአልጋው ያውርድ፣ በክንዱ አልጋውን እየገፋ ይቀመጥ። ወዲያው አታስነሱት። ለሁለት ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ። ደሙ ወደ እግር ሲወርድ ያዞራልና ፊቱ ከገረጣ ወይም ዓይኑ ከጨለመበት መልሳችሁ አስተኙት።

ወንበሩን በጠንካራው ጎኑ በኩል አስጠጉ። ዊልቸር ከሆነ ፍሬኑ ይያዝ፣ የእግር ማሳረፊያውም ይነሳ። ወገቡ ላይ መቀነት ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ የምትይዙት መቀነቱን ነው። ብብቱን ይዞ መጎተት ትከሻ ያወልቃል፣ በተለይ ስትሮክ የመታውን ክንድ ፈጽሞ አትሳቡ። እግሮቹ ወደ ኋላ ገባ ብለው ይርገጡ፤ አፍንጫው ከጉልበቱ እስኪያልፍ ወደ ፊት ያዘንብል። በእጁ አልጋውን ይግፋ እንጂ አንገታችሁ ላይ አይንጠልጠል። እናንተ ወገባችሁን አቅንታችሁ ከጉልበት ጎንበስ በሉ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ አብራችሁ ተነሱ። መውደቅ ከጀመረ ለማቆም አትታገሉ፤ ወደ ራሳችሁ አስጠግታችሁ ቀስ ብላችሁ መሬት አሳርፉት።

5. ቆዳውን በየቀኑ እዩ

የአልጋ ቁስል በጥቂት ሰዓት ይጀምርና ለመዳን ወራት ይፈጃል። ራሱ መገላበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር፤ ሰዓቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በጉልበቶቹ መሐል ትራስ ይግባ። ሌላ ትራስ ባቱ ሥር አድርጋችሁ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። ወደ ላይ ስትስቡት አንሶላውን ይዛችሁ አንሱት እንጂ አትጎትቱት። ወንበር ላይ ሲሆን በየ15 ወይም 30 ደቂቃው ክብደቱን ከጎን ወደ ጎን ያዘዋውር።

መጽሐፎች «ቀይ ምልክት ፈልጉ» ይላሉ። በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ወይም ሐምራዊ ያለ፣ ሲነካ ከሌላው የሞቀ ወይም የደነደነ ቦታ ፈልጉ፤ በተለይ ጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ክርንና የጭንቅላት ጀርባ ላይ። ካገኛችሁ በዚያ በኩል አታስተኙት። ቦታውን አትሹት። መሐሉ ክፍት የሆነ ክብ ትራስም አይረዳም፤ ዙሪያውን ተጭኖ ደሙን ይከለክላል። ስሜት የሌለው እግር ላይ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አታስጠጉ፤ እያቃጠለውም ላያውቅ ይችላል።

6. ምግብና ጾም

የከሳ ጡንቻ የሚመለሰው በእንቁላል፣ በወተት፣ በሥጋ፣ በምስርና በሽሮ ነው። ሾርባ ብቻውን አይበቃም። ከተከለከለ በቀር ውሃ ይጠጣ፤ ሽንት ቤት መመላለስ ፈርቶ ውሃ የሚተው ታማሚ ብዙ ነው፣ ከዚያ ድርቀቱ ይመጣል። ሲበላ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት አይተኛ።

«እጾማለሁ» ካለ አትከራከሩት። የነፍስ አባቱን ወይም ሼሁን ጥሩለት፤ ከእናንተ ይልቅ ከእነሱ ይቀበላል። ጸበል ከፈለገም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይሂድ፤ ያልደረቀ ቁስል ግን አይርጠብ።

7. ጠያቂዎች

«እግዚአብሔር ይማርህ» ለማለት ሰፈሩ ሁሉ ይመጣል፤ ደስም ይላል። ግን ሰዓት ወስኑ። ከሰዓት በኋላ ብቻ ብትሉ ማንም አይቀየምም፣ ቢቀየምም ያልፍለታል። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ቡናው ከሰልና ዕጣኑን ይዞ ሌላ ክፍል ይፈላ። ልብሱ ሲቀየር ጠያቂ ከክፍሉ ይውጣ፤ ሰውየው ቢታመምም ክብሩ አለ።

8. እጁ ለሚችለው አትቅደሙት

መቁረስ ከቻለ አታጉርሱት። ፊቱን ራሱ ይታጠብ፣ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን እንቅስቃሴ ከምግብ ሰዓት ጋር አያይዙት፤ ቁርስ ከመቅረቡ በፊት አንዴ፣ ከእራት በፊት አንዴ። ትንሽ ትንሹ በየቀኑ ሲሆን ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ ተጋድሎ መድከም አይጠቅምም። ያዘነና የማይናገር ከሆነ ደግሞ «አይዞህ» ብላችሁ አትለፉት፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

አትጠብቁ የሚባልባቸው ምልክቶች

አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በቅቤ አትሹት፣ ወጌሻም አይንካው፤ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ሕመም፣ አፍ መጣመም፣ ንግግር መተሳሰር፣ አዲስ ግራ መጋባት፣ ትኩሳት፣ መግል ያዘለ ቁስል፣ የሽንት መቆምም አያስጠብቁም። አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው። ስትደውሉ ታማሚው መራመድ እንደማይችልና ስንተኛ ፎቅ እንደሆናችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፤ በቂ ሰው ይዘው እንዲመጡ።