ድንብላል ጎመን አይደለም፦ ጓሮ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ድንብላል በየጓዳችን አለ፤ በየጓሯችን ግን ብዙም አይታይም። የሞከረውም ሰው «እምቢ አለኝ» ብሎ ይተወዋል። እኔም እንደ ጎመን ስንከባከበው ሁለት ዓመት ከስሬ ነው ነገሩ የገባኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ከጓዳ ይጀምራል። እማዬ ለበርበሬ ካስቀመጠችው ድንብላል ዘግኜ ዘራሁና ሦስት ሳምንት ውኃ አጠጣሁ። ምንም የለም። ለካ ታምሷል። ስነግራት «ደግሞ ቆሎ ይዘራል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ከገበያ ስትገዙ ጥሬ መሆኑን ጠይቁ። ከተጠራጠራችሁ አሥር ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞክሩት።

ድቡልቡሉን እንዳለ መዝራትም አለ። አንዱ ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር ነው ያለው። በጠርሙስ ቀስ ብላችሁ ተጫኑትና ለሁለት ይከፈል፤ እንዳይደቅ ብቻ። ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ ከዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። ለመብቀል ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በአምስተኛው ቀን አፈሩን እየጫሩ ማየት አይሆንም።

ትልቁ ጥፋት ግን ማዛወር ነው። ጎመንና ቲማቲም መደብ ላይ አፍልተን መንቀል ለምደናል። ድንብላል ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አለው። እሱ ከተነካ ይደነግጣል፤ ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ለማበብ ይቸኩላል። ስለዚህ የሚያድግበት ቦታ ላይ ዝሩት። በዕቃ ከሆነ ጥልቀቱ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የተቆረጠ ጀሪካን፣ ታቹ ተበስቶ፣ ይበቃዋል። ተጨናንቆ ከበቀለ መሃል መሃሉን አሳሱት። የሳሳው አይጣልም፣ ሰላጣ ላይ ይገባል።

ሙቀትና ጥማትም እንደዚያው ያስቸኩሉታል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ያግዛል። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝበትን ቦታ ምረጡለት፤ አፈሩም አይድረቅ። ውኃ የሚተኛበት መሬትም አይወድም፤ በክረምት መደቡን ከፍ አድርጉት። ግንዱ ተመዝዞ የላይኛው ቅጠል እንደ እንስላል ከቀጠነ አበቃ፣ ማበቡ ነው። ጫፉን ብትቆርጡትም ወደ ቀድሞው አይመለስም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚናደደው። ጎመን ወራት ሙሉ እየተቀነጠሰ ይበላል። ድንብላል ዕድሜው አጭር ነው። መፍትሔው አንዴ ብዙ መዝራት ሳይሆን በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ አንድ እፍኝ መዝራት ነው። ለዳጣ ስትቆርጡም ከዳር ዳር ያዙ፤ ከአንድ ሦስተኛው በላይ በአንዴ አትውሰዱ።

የዶሮ ፍግ ማብዛት? ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ሽታው ግን ይደክማል።

ካበበም አትንቀሉት። ንቦች ይወዱታል። ፍሬው ቡናማ ሲሆን ጭንቅላቱን ቆርጣችሁ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ሲደርቅ ራሱ ይረግፋል። የዘሩን ድርሻ ቶሎ ለዩና ደብቁት። እኛ ቤት የተገኘ ድንብላል ሁሉ ምጣድ ላይ ነው የሚያርፈው።