ከጃክ ጆንሰን ቡጢ እስከ አቦርጂኖች ማኅበር፦ ክሩን በድሮ ጋዜጦች እንዴት መከታተል ይቻላል?

ጥቁሩ አሜሪካዊ ቡጢኛ ጃክ ጆንሰን ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ ከአቦርጂኖች፣ የፖለቲካ ትግል ጋር እንዴት እንደተገናኘ ሲተርክ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዲሴምበር 26 ቀን 1908 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጆንሰን ሲድኒ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑን ቶሚ በርንስን ሲቀጠቅጠው ፖሊስ በ14ኛው ዙር ግጥሚያውን ያስቆመበት ቀን ነው። ለስፖርት ታሪክ ይበቃል። የአቦርጂኖችን የፖለቲካ ንቃት ለሚያጠና ግን መነሻው 1907 ነው።

በዚያ ዓመት ጆንሰን ፒተር ፊሊክስን ሲድኒ፣ ቢል ላንግን ሜልበርን ላይ አሸነፈ። በማርች ሊሄድ ሲል «ከለርድ ፕሮግረሲቭ አሶሲየሽን» የተባለ የሲድኒ ጥቁሮች ማኅበር መሸኛ አዘጋጀለት። በማኅበሩ አፍሪካ አሜሪካውያንና የካሪቢያን መርከበኞች ከአቦርጂኖች ጋር ይገናኙ ነበር። ክሩ የሚያዘው እዚህ፣ ወደቡ ላይ ነው።

የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ትሮቭ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለው። የጋዜጦችን ክፍል ክፈቱ፤ የማኅበሩን ስም በእንግሊዝኛ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጻፉ፤ ዘመኑን ከ1903 እስከ 1912፣ ግዛቱን ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ገድቡ። «ከለርድ» የሚለው ቃል «ዩ» ፊደል ኖሮትም ሳይኖረውም ስለሚታተም ሁለቱንም ሞክሩ። ጽሑፉን ያነበበው ማሽን ስለሆነ የደበዘዘ ፊደል ያሳስተዋል። ስለዚህ ፍለጋው ባዶ ሲወጣ «ጋዜጣው አልዘገበም» ብላችሁ አትደምድሙ፤ የማርች 1907ን ገጾች ምስል ከፍታችሁ በዓይናችሁ አንብቡ። ጋዜጦቹ ጥቁሮችን ያላግጡባቸዋል። ቅጽሉን ጣሉትና ማን ተገኘ፣ የት፣ ምን ተባለ የሚለውን ብቻ መዝግቡ።

ቀጥሎ ፍሬድ ሜይናርድን ፈልጉ። የሲድኒ ወደብ ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ ማኅበር ጋር ያገናኘው የልጅ ልጁ፣ የታሪክ ምሁሩ ጆን ሜይናርድ ነው። ፍለጋውን ከ1924 እስከ 1928 አድርጉት። ፍሬድ የመራው «አውስትራሊያን አቦርጂናል ፕሮግረሲቭ አሶሲየሽን» በ1925 ሰሪ ሂልስ በተባለው የሲድኒ ሰፈር ጉባኤ አካሄደ። የጠየቀው መሬት፣ ልጆችን ከወላጅ መንጠቅ እንዲቆምና የአቦርጂኖችን ሕይወት የሚቆጣጠረው የመንግሥት አካል፣ የአቦርጂኖች ጥበቃ ቦርድ፣ እንዲፈርስ ነው። መፈክሩ ግን ከጃማይካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ከማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ የመጣ ነው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ከቡጢው ወደ ጉባኤው በአንድ ዝላይ ይሻገራል። በመካከሉ 18 ዓመት አለ። ክፍተቱን በ1909ኙ የጥበቃ ሕግ፣ ቦርዱ ያለ ፍርድ ቤት ልጆችን እንዲወስድ በፈቀደው የ1915 ማሻሻያና በጋርቬይ ንቅናቄ የሲድኒ ቅርንጫፍ ሙሉት። ጆንሰን የሜይናርድን ማኅበር አልመሠረተም፤ የወደቡ ጥቁሮች በአንድ አዳራሽ እንዲሰባሰቡ ምክንያት ሆነ።

ስሞቹም ያምታታሉ። በ1938 ጃንዋሪ 26 «የሐዘን ቀን» የተባለውን የአቦርጂኖች ተቃውሞ ካዘጋጁት መካከል ያለው «አቦርጂንስ ፕሮግረሲቭ አሶሲየሽን» በ1937 የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ነው። ስሙ ፊት «አውስትራሊያን» የሚል ቃል ካያችሁ የሜይናርዱ ነው።