በአንዲት «ና» የተሰፉ ሁለት ከተሞች፦ ስለ እንግሊዝ የምርጫ ክልል ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእንግሊዝ ምርጫ በደረሰ ቁጥር አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በአንድ መስመር ተገልጸው ይታለፋሉ፤ «ግማሹ የተማሪ ከተማ፣ ግማሹ የባሕር ዳርቻ» ይባልና ያበቃል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንካሸር ግዛት፣ ከ2010 እስከ 2024 የነበረው የላንካስተርና ፍሊትውድ የምርጫ ክልል በዚህ ዓይነት አገላለጽ ከተበደሉት አንዱ ነው። በአንደኛው ጫፍ ዩኒቨርሲቲ፣ በሌላኛው የዓሣ ወደብ አለ፤ አባባሉ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ጸሐፊው በዚህ አባባል ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹም ቀኖቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙን እንደ ካርታ ማንበብ

በአማርኛ «ና» ሁለት ሥራ አላት፤ ታያይዛለች፣ ትጠራለችም። ፍሊትውድ ከላንካስተር «ና» ተብሎ ቢጠራ ግን በቀላሉ የሚመጣ አይደለም። በመካከል የዋየር ወንዝ ተኝቷል። ኖት ኤንድ ከምትባለው መንደር ቆሞ ለሚመለከት፣ ፍሊትውድ ከወንዙ ማዶ ፊት ለፊት ይታያል፤ የመንገደኞች ጀልባ ካለች መሻገሪያው የጥቂት ደቂቃ ነው። ባለ መኪናው ግን እስከ ሻርድ ድልድይ ድረስ ሄዶ ወንዙን መዞር አለበት። በባቡር እደርሳለሁ የሚልም አይሳካለትም፤ ወደ ፍሊትውድ የሚገባው የመንገደኞች ባቡር በ1970 ቆሟል። የቀረው ትራም ነው፤ እርሱም የሚወስደው ወደ ብላክፑል እንጂ ወደ ላንካስተር አይደለም።

ስሙ የሚደብቀው ሌላም አለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ፒሊንግን፣ ፕሪሶልንና ኤልልን የመሰሉ የገጠር ቀበሌዎች ነበሩ። ከብት የሚረባበት፣ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ሥር የሰደደበት አካባቢ ነው። «ተማሪና ዓሣ አጥማጅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ሦስተኛ ወገን ከነጭራሹ ይዘለዋል፤ ከዚያ ወግ አጥባቂዎች በ2010 እንዴት እንዳሸነፉ ማስረዳት ያቅተዋል።

የምክር ቤቱን ቁጥር ለምርጫ ክልሉ መስጠት

ይህ ጋዜጠኞችን ደጋግሞ የሚጥል ጉድጓድ ነው። የላንካስተር ከተማ ምክር ቤት የሚያስተዳድረው ላንካስተርን ብቻ ሳይሆን ሞርካምብንም ነው፤ ሞርካምብ ግን የሌላ የምርጫ ክልል አካል ነበር። ፍሊትውድ በበኩሉ የዋየር ምክር ቤት ሥር ነው። በ2016 በተደረገው የአውሮፓ ኅብረት ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የተቆጠረው በምክር ቤት እንጂ በምርጫ ክልል አልነበረም። በላንካስተር 51.1 በመቶ፣ በዋየር 63.8 በመቶ ሕዝብ «እንውጣ» አለ። የመጀመሪያውን ቁጥር ይዞ «የዩኒቨርሲቲው ከተማ እንኳ እንውጣ አለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ የሞርካምብን ድምፅ በተማሪዎቹ ስም እየመዘገበ መሆኑን ይርሳ አይርሳ አይታወቅም።

ባሕር ዳርቻን ሁሉ የመዝናኛ ከተማ ማድረግ

የመዝናኛ ከተማው ብላክፑል ጎረቤት ስለሆነ ፍሊትውድንም የጡረተኞችና የአይስክሬም ከተማ አድርጎ መሳል ይቀናል። ከተማው የተቆረቆረው በ1830ዎቹ ነው። የመሬቱ ባለቤት ፒተር ሄስኬት ፍሊትውድ፣ ነዳፊው ዴሲመስ በርተን ይባላሉ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ከለንደን በባቡር የመጣ መንገደኛ እዚህ ወርዶ ወደ ስኮትላንድ በመርከብ ይሻገራል። በባሕሩ ዳር ያለው ሆቴል እስከ ዛሬ ኖርዝ ዩስተን ይባላል፤ ዩስተን የለንደኑ ባቡር ጣቢያ ስም ነው። ብዙም ሳይቆይ ሐዲዱ ተራራውን ተሻግሮ ስኮትላንድ ሲገባ፣ መርከብ የሚፈልግ መንገደኛ ጠፋ። ከተማውን ያቆየው ዓሣ ሆነ።

ዓሣውም ሄደ። አይስላንድ የዓሣ ማጥመጃ ክልሏን ደጋግማ ስታሰፋ ከብሪታንያ ጋር የተጋጨችበት «የኮድ ጦርነት» (ኮድ የዓሣ ዓይነት ነው) በ1976 በአይስላንድ አሸናፊነት ሲያበቃ፣ የፍሊትውድ የጥልቅ ባሕር መርከቦች ሥራ አጡ። የተረፈው ታዋቂ ምርት፣ በ1865 ጄምስ ሎፍትሃውስ የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ባሕር ላይ ለሚበርዳቸው ዓሣ አጥማጆች የሠራው ፊሸርማንስ ፍሬንድ የተባለው የጉሮሮ ከረሜላ ነው። በዓለም ዙሪያ ይሸጣል፤ የሚሠራው እስከ አሁን እዚያው ነው። ዓሣ አጥማጁ ሄዶ የሳሉ ማስታገሻ ቀረ! ፍሊትውድ እንግዲህ ሥራውን የተነጠቀ የወደብ ከተማ ነው፤ የሌበር ፓርቲ ሥር እዚያ የጠለቀውም በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

ላንካስተርንም ከባሕር ማራቅ ስህተት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሉን ወንዝ ዳር ካሉት መጋዘኖቹ መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካና ወደ ካሪቢያን ይነሡ ነበር። በእንግሊዝ የባሪያ ንግድ ወደቦች መካከል አራተኛው ይህ ከተማ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1964 ነው፤ ለከተማው የትናንት ልጅ ነው።

ተማሪውን እንደ አንድ መንጋ መቁጠር

መጀመሪያ ነገር ዩኒቨርሲቲው አንድ አይደለም፤ የካምብሪያ ዩኒቨርሲቲም በከተማው ውስጥ ቅጥር ግቢ አለው። ትልቁ የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለው ከከተማው በስተደቡብ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ቤይልሪግ ነው።

ሁለተኛ፣ በሥፍራው መኖርና መምረጥ አንድ አይደሉም። ከ2014 በፊት ዩኒቨርሲቲዎች በማደሪያዎቻቸው የሚኖሩትን ተማሪዎች በጅምላ ያስመዘግቡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ራሱ መመዝገብ ግድ ሆነበት። ተማሪ በወላጆቹም በትምህርቱም አድራሻ መመዝገብ ይችላል፤ በጠቅላላ ምርጫ ግን ድምፅ የሚሰጠው በአንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ የተማሪ ድምፅ ተንቀሳቃሽ ነው፤ የምርጫው ቀን ራሱ ይወስነዋል። የ2015ቱ ምርጫ ግንቦት 7 ቀን ነበር፤ ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው። የ2024ቱ ሐምሌ 4 ቀን ነበር፤ አብዛኛው ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዷል። ይህን ሳያዩ ሁለቱን ማነጻጸር ዘበት ነው።

ሦስተኛ፣ ከ2023 ጀምሮ መራጩ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ማሳየት አለበት። የአዛውንቶች የአውቶቡስ ካርድ ተቀባይነት አለው፤ የተማሪ መታወቂያ የለውም። የፍሊትውዷ አያት ሁልጊዜ በቦርሳቸው የሚይዙት ካርድ ይበቃቸዋል፤ የቤይልሪጉ ወጣት ፓስፖርቱን ፍለጋ ሻንጣ ይበረብራል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም ለማለት ይከብደኛል።

ለእኛ የሚቀርብም አንድ ነገር አለ። በዚያ የሚማሩ ናይጄሪያዊ፣ ጋናዊና ኬንያዊ የመኖሪያ ፈቃድ እስካላቸው ድረስ ለፓርላማ መምረጥ ይችላሉ፤ አገሮቻቸው በአብዛኛው የቀድሞ የብሪታንያ ግዛቶች የተሰባሰቡበት የኮመንዌልዝ ማኅበር አባላት ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጠው ኢትዮጵያዊ ግን የብሪታንያ ዜግነት ካላገኘ አይችልም። «የውጭ ተማሪዎች አይመርጡም» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

ጠባብ ብልጫን እንደ ሕዝብ ፍርድ መውሰድ

አሠራሩ እንደ እኛው ነው፤ ከሌሎች በአንድ ድምፅ የበለጠ ያሸንፋል። በ2010 የወግ አጥባቂው ኤሪክ ኦለረንሾ በ333 ድምፅ አሸነፉ፤ አረንጓዴው ፓርቲ ብቻውን ያገኘው የዚህን ብዙ እጥፍ ነበር። በ2015 የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የሆኑት የሌበሯ ካት ስሚዝ በ1,265 ድምፅ ወሰዱት፤ በ2017 ብልጫቸው 6,661 ደረሰ፤ በ2019 ወደ 2,380 ወረደ። ከእነዚህ ዓመታት አንዱን መርጦ «የክልሉ ጠባይ ይህ ነው» ማለት አያስኬድም።

ዛሬም እንዳለ አድርጎ መጻፍ

የምርጫ ክልሉ በ2024 ፈርሷል። አዲሱ ሕግ የእያንዳንዱ ክልል መራጭ ከጥቂቶች በቀር ከ69,724 እስከ 77,062 እንዲሆን ስላዘዘ፣ ካርታው እንደገና ተቆረሰ። ላንካስተር «ላንካስተርና ዋየር»፣ ፍሊትውድ «ብላክፑል ሰሜንና ፍሊትውድ» ውስጥ ገቡ። ሁለቱም ስሞች ከ1997 እስከ 2010 የነበሩ ናቸው። የድሮውን ላንካስተርና ዋየር በ2005 ያሸነፉት፣ ኋላ የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ቤን ዋላስ ነበሩ፤ የአሁኑን የያዙት ካት ስሚዝ ናቸው። ስሙ ይመሳሰል እንጂ ወሰኑ አንድ ስላልሆነ የሁለቱን ውጤት በአንድ ሠንጠረዥ መደርደር አይገባም።

ኖት ኤንድ ከላንካስተር ጋር ቀረ። ጀልባዋ በምትሠራበት ቀን ተሳፍሮ ወደ ፍሊትውድ የሚሻገር ሰው፣ በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከአንዱ እንደራሴ ወደ ሌላው ያልፋል።