ናፍጣ ሞተርን ለደጋ አየር ማስተካከል፦ ብሎኑ ከመነካቱ በፊት መሠራት ያለበት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር፣ ለምሳሌ በቶዮታ ሃይሉክስና ሚኒባስ ላይ ያሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ወይም የላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ፣ ወደ ሲሊንደሩ የሚያስገባው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚልከው የኢንጄክሽን ፓምፕ ግን የከፍታ ማካካሻ ካልተገጠመለት ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባሕር ዳርቻ ላይ የሚረጨውን ናፍጣ እዚህም ይረጫል። ሽቅብ ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከኋላ የሚወጣው ጥቁር ጭስ አየር ያጣ፣ ገንዘብ ተከፍሎበት ሳይቃጠል የቀረ ናፍጣ ነው።

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ጭስ ሲታይ መጀመሪያ የሚነካው የፓምፑ የነዳጅ መጠን ብሎን ነው። እሱ ግን መጨረሻ መምጣት አለበት። ኖዝሉ (ናፍጣውን የሚረጨው ጫፍ) እየተንጠባጠበ፣ ታይሚንጉ (ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበት) ዘግይቶ፣ ፊልትሮው ታፍኖ ብሎኑን የቀነሰ ሰው ጭሱን ደብቆ ጉልበቱን ያጣል። ሾፌሩም ያጣውን ጉልበት ፍለጋ አብዝቶ ይረግጣል፤ ፍጆታውም ከነበረበት ፈቀቅ አይልም።

መጀመሪያ ይለኩ

ሳይለካ የተስተካከለ ሞተር ተሻሻለም ተበላሸም ማወቅ አይቻልም። ታንኩን የመሙያው አፍንጫ በራሱ እስኪቋረጥ ይሙሉና የመኪናውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይመዝግቡ። በተለመደው መንገድና ጭነት ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው መሙያ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ይሙሉ። 340 ኪሎ ሜትር ሄዶ 38 ሊትር ከወሰደ 340ን ለ38 ማካፈል ነው፤ በሊትር 8.9 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፋብሪካው የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት መኪና ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ ርቀቱን በስልክ ጂፒኤስ ማመሳከር ይበጃል።

በዚሁ አጋጣሚ እያንዳንዱን ቸርኬ በክሪክ አንስተው በእጅ ያዙሩት። የሚይዝ ፍሬን ናፍጣ ይበላል፤ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሚለጠፈው በሞተሩ ላይ ነው። የጎማ ንፋስ ደግሞ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካል።

አየር፣ ሙቀት፣ ንጹህ ናፍጣ

አየሩ ቀድሞውኑ በሳሳበት አገር የታፈነ ፊልትሮ ጉዳቱ እጥፍ ነው። የወረቀት ፊልትሮ በውኃ አይታጠብም። በኮምፕረሰር ከተነፋ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በዝቅተኛ ግፊት መሆን አለበት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወረቀቱ ውስጥ ይሰነቀራል። ኮረኮንች ላይ የሚውል መኪና ፊልትሮ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዓይን ይታያል። ከፊልትሮ ቤቱ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ጎማ ቱቦም ይዳስሱ። ያረጀ ቱቦ ሞተሩ ሲጮህ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ አየር ይዘጋል፤ ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። የተደፈጠጠ ማርሚታም እንዲሁ ያፍናል።

ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ ቫልቭ) ላይ ረዘም አድርገን እንናገራለን፣ ምክንያቱም በብዙ መኪና ላይ የለም። ሞተር ሲግል ጊዜ ተነቅሎ ይጣልና እዚያው ይረሳል። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር፣ በተለይ በአዲስ አበባ ጠዋትና በክረምት፣ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ ናፍጣው ዘግይቶ ይቀጣጠላል፣ ዘይቱም ወፍራም እንደሆነ ይቆያል። እነዚህ ሞተሮች ላይ የሚገጠመው ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት የሚጀምር ነው። ድስት ውስጥ ውኃ ከቴርሞሜትር ጋር አድርገው ሲያሞቁት መቼ እንደሚከፈት ይታያል። ሞተሩ ከጋለ መታየት ያለበት የራዲያተሩ ክዳን ነው። በዚህ ከፍታ ክፍት ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ግፊት የማይይዝ ክዳን ያለው ራዲያተር ቶሎ ይፈላል። ክዳን መቀየር ቴርሞስታት ከመጣል በጣም ይሻላል።

የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለውን ማስወገጃ ላላ አድርገው፣ ላይ ባለው የእጅ ፓምፕ እየገፉ ንጹህ ናፍጣ እስኪወጣ ውኃውን ያውርዱ። እነዚህን ፓምፖች ከውስጥ የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ፓምፑን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ የትኛውም ማስተካከያ አይጸናም።

ኮምፕሬሽንና ቫልቭ

የ5ኤል የጥገና መጽሐፍ መደበኛ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) 32 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ዝቅተኛው 20 ይላል። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ ደህና የሆነ ሞተር 24 አካባቢ ቢያሳይ ደንገጥ ብሎ ሞተር ማስወረድ አያስፈልግም። እዚህ የበለጠ የሚናገረው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ወርዶ ከተገኘ ችግሩ ቫልቭ፣ ፋሻ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ እሱ ሳይጠገን ወደ ፓምፕ አይኬድም።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለካል። ለ2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የመግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የመውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ነው። ለ1ኤችዜድ የመግቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የመውጫው ከ0.35 እስከ 0.45። የሚስተካከለው ሺም (ውፍረቱ የተለካ ስስ ብረት) በመቀየር ነው። የጠበበ ቫልቭ ድምፅ ስለማያሰማ ይረሳል፤ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያፈስሳል።

ኖዝል

በደንብ የማይረጭ ኖዝል በፍጆታ ላይ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። አራቱንም (ለ1ኤችዜድ ስድስቱንም) አውርዶ በእጅ መፈተሻ ማየት ያስፈልጋል። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ የመክፈቻ ግፊቱ ለሞተሩ በተሰጠው ወሰን ውስጥ መሆኑና ሁሉም ኖዝሎች መቀራረባቸው። ሁለተኛ፣ ከመክፈቻው ግፊት ከ10 እስከ 20 ኪሎ ዝቅ ብሎ ለ10 ሰከንድ ሲያዝ ጫፉ አለመንጠባጠቡ። ሦስተኛ፣ ርጩ እንደ ጉም የደቀቀ፣ ቀጥ ያለና ወደ ጎን የማያዘነብል መሆኑ።

ግፊቱ የሚስተካከለው ከስፕሪንጉ በላይ ባለው ሺም ነው። 0.05 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሺም ግፊቱን በ6 ኪሎ ገደማ ከፍ ያደርጋል። የሚንጠባጠብ ኖዝል ግን በሺም አይድንም፤ ጫፉ መቀየር አለበት፣ ሲቀየርም ሁሉም አብሮ ቢቀየር ይመረጣል። መልሶ ሲገጠም ከሥሩ ያሉት ጓርኒሲዮኖች አዲስ ይሁኑ። አሮጌው ከተመለሰ ኮምፕሬሽን በጎኑ ያፈስሳል፣ ኖዝሉም ከመጠን በላይ ይግላል።

ታይሚንግ

ሳስ ባለ አየር ውስጥ የኮምፕሬሽኑ ግፊት ስለሚያንስ ናፍጣው ከተረጨ በኋላ ለመቀጣጠል ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ ለደጋ የሚሠራ ሞተር ታይሚንግ መጽሐፉ ከሚፈቅደው ወሰን ወደሚቀድመው ጫፍ ቢቀመጥ ናፍጣው ሥራውን በጊዜው ይሠራል። ከወሰኑ ግን አይታለፍም። አብዝቶ የቀደመ ታይሚንግ ሞተሩን ያንኳኳዋል፣ ፒስተንና ቴስታታም ይጎዳል። የዘገየው ደግሞ ነጣ ያለ ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱም ይሞታል።

ከመለካትዎ በፊት የታይሚንግ ቺንጊያው ምልክቶች ልክ መግጠማቸውን ይመልከቱ። ቺንጊያው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ አንድ ጥርስ ከዘለለ ፓምፑን በማዘንበል አይካካስም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፓምፑ ጀርባ ላይ፣ በአራቱ የከፍተኛ ግፊት ቱቦዎች መካከል ያለውን ብሎን ፈትተው በቦታው ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) ያስገቡ (በ1ኤችዜድ ላይ ቱቦዎቹ ስድስት ናቸው)። ፓምፑ የቅዝቃዜ ማስነሻ ዘዴ ካለው፣ ሌቨሩን ገፋ አድርገው እንዳይመለስ ቁራጭ ብረት ያስገቡበት፤ ያለዚያ ንባቡ የውሸት ይሆናል። ክራንክ ሻፍቱን አንደኛው ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ላይ ሆኖ ፒስተኑ ከሚደርስበት የላይኛው ጫፍ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በፊት ያቁሙትና ጌጁን ዜሮ ያድርጉ። ከዚያ በሥራው አቅጣጫ በዝግታ እያዞሩ ምልክቱ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ያንብቡ። ካለፈብዎት ወደ ኋላ በደንብ መልሰው እንደገና ይምጡ፤ ትንሽ ብቻ መመለስ የማርሹን ወይም የቺንጊያውን ልቅነት ንባቡ ውስጥ ያስገባል። የፓምፑ ዘንግ ወደሚዞርበት ተቃራኒ ገላውን ማዘንበል ታይሚንጉን ያስቀድማል፣ ወደዚያው ማዘንበል ያዘገያል። ንባቡ ከፍ ሲል ቀደመ ማለት ነው። ከማዘንበልዎ በፊት የቱቦዎቹን ዳዶዎች ያላሉ፣ ያለዚያ ቱቦው ይሰነጠቃል። ሲጨርሱ የመሐሉን ብሎን በአዲስ ሮንዴላ ይዝጉ።

የነዳጅ መጠን ብሎኑ

እስካሁን ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ሽቅብ ላይ አሁንም ጥቁር ጭስ ካለ፣ ተራው የዚህ ነው። ብሎኑ ከፓምፑ ኋላ፣ መቆለፊያ ዳዶ ያለው፣ ብዙ ጊዜም በፋብሪካ የታሸገ ነው። መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ በቀለም ያስምሩ። ወደ ውጭ ማላላት ከፍተኛውን የነዳጅ መጠን ይቀንሳል፣ ማጥበቅ ይጨምራል።

በአንድ ጊዜ ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ (1/8) በላይ አያዙሩ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በተለመደው ጭነት አንድ የተመረጠ ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ በሦስተኛ ማርሽ ሙሉ ረግጠው ከኋላ ሌላ ሰው ጭሱን ይመልከት። በሙሉ ጭነት ስስ ግራጫ ጥላ ብቻ ሲቀር ያቁሙ። ጨርሶ ጭስ የሌለው እስኪሆን መቀነስ አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደው ጉልበት ነው። ብሎኑ ሲቀንስ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አብሮ ስለሚወርድ በራሱ ብሎን ወደ ቦታው፣ ለእነዚህ ሞተሮች በአብዛኛው በደቂቃ 700 ዙር ገደማ፣ ይመልሱት። የከፍተኛ ፍጥነት መቆጣጠሪያውን የታሸገ ብሎን ግን አይንኩ።

አጥብቆ የጨመረ ሰው የሚደርስበትን አስቀድሞ መናገር ይገባል። ከልክ ካለፈ ሞተሩ እግር ተነስቶም ወደ ሚኒሞ አይመለስም፣ ራሱን ይዞ ሊሮጥም ይችላል። ጥቀርሻው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ የመውጫ ቫልቮችና ፒስተኖች ይቃጠላሉ።

ለደጋ የተቀነሰ ፓምፕ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ጉዳት የለውም፤ ቆላ ላይ ሊያወጣ ይችል የነበረውን ጉልበት ሁሉ አይሰጥም እንጂ። ሁልጊዜ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ መኪና፣ ለምሳሌ ጎሐ ጽዮን ከ2,500 ሜትር ገደማ ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን የሚወጣ፣ መስተካከል ያለበት ለላይኛው ከፍታ ነው።

ዲ4ዲ ለሆኑት

ዲ4ዲ በሚባሉት፣ ነዳጃቸው በኮምፒዩተር በሚመራ የቶዮታ ሞተሮች፣ 1ኬዲና 2ኬዲ ላይ፣ ይህ ብሎን የለም። የአየሩን ግፊት በሴንሰር እያየ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ይቀንሳል፣ ተርቦውም የጎደለውን አየር በከፊል ይሞላል። እዚህ ፍጆታ የሚበዛው ባረጀ ኢንጄክተር፣ በጥቀርሻ በተዘጋ ኢ ጂ አር (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ) እና በሚያፈስስ የተርቦ ቱቦ ነው። በመመርመሪያ መሣሪያ ሚኒሞ ላይ የእያንዳንዱን ኢንጄክተር የማካካሻ ቁጥር ይዩ። ለዜሮ የቀረበ ጥሩ ነው፤ ከ3 በላይ ወይም ከ−3 በታች የሆነው ይፈተሽ። ኢንጄክተር ሲቀየር በላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ ካልገባ ሞተሩ ተስተካክሎ አይሠራም። ከኢንጄክተሩ ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ማፍሰስ ከጀመረ ጥቀርሻው ዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል፣ ሞተሩም ዘይት አጥቶ ይነክሳል፤ ስለዚህ ኢንጄክተር በወረደ ቁጥር አዲስ ይግባ።

የኮምፒዩተሩን ፕሮግራም መቀየር ከፈለጉ ለባሕር ጠለል የተሠራ ፋይል አይቀበሉ። ተርቦው እዚህ ከፍታ ላይ ቀድሞውኑ ከተለመደው በላይ እየተሽከረከረ ነው። ግፊት የሚጨምርና የጭስ ገደቡን የሚያነሳ ፕሮግራም ተርቦውን ከፍጥነት ወሰኑ ያሳልፋል፣ ናፍጣውንም መልሶ ጥቁር ጭስ ያደርገዋል። የሚሠራልዎትን ሰው የተርቦ ግፊትና የነዳጅ መጠን መዝገብ ከሥራው በፊትና በኋላ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውንም ፋይል ቅጂ ይዘው ይውጡ።