የኢሜይል ሌብልን በተርሚናል እንዴት እናስተካክል

ባለፈው ሐምሌ ወንድሜ ከሐዋሳ ደወለ። ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ አለችው። የሒሳብ ሠራተኛዋ የዓመቱን ደረሰኝ ጠይቃዋለች፤ ደረሰኙ ደግሞ ኢሜይሉ ውስጥ ተበትኗል። ሁለት ቀን ሙሉ ጂሜይል ላይ ገጽ በገጽ እየሄደ፣ ትንሿን ሳጥን አንድ በአንድ እየነካ ሌብል ሲለጥፍ ከርሟል። «ተወውና ላፕቶፕህን ክፈት» አልኩት። ከዚህ በታች ያለው በስልክ ያስጻፍኩት ነው፤ መሃል ላይ እኔው ያበላሸሁትም አለበት።

ትእዛዞቹ የሚጻፉት ተርሚናል ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝዝበት መስኮት ማለት ነው። እዚህም በድምፃቸው ነው የጻፍኳቸው። እናንተ ስትጽፉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱና እያንዳንዱን ቃል እንግሊዝኛው እንደሚጻፈው፣ በትንሹ ፊደል ጻፉት። ታግ፣ ሰርች፣ ካውንት፣ ሰብጀክት፤ የማታውቁት ቃል የለም።

መሣሪያው

ኖትማች ይባላል። ስሙ «ብዙም አይደለም» ማለት ነው፤ ስንት ሺህ መልእክት ብታሸክሙት «ብዙም አይደለም» ባይ ነው። ካርል ወርዝ የሚባል ፕሮግራመር በፈረንጁ 2009 ያወጣው ነፃ ሶፍትዌር ነው። ኢሜይል አያወርድም፣ አይልክም፣ አይሰርዝም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ላሉት መልእክቶች ማውጫ ይሠራል፣ ታግ ይለጥፍባቸዋል፣ በቃ።

ታግ ስል ያው ሌብል ማለቴ ነው። ጂሜይል በፈረንጁ 2004 ሲመጣ ፎልደርን ትቶ ሌብልን የያዘው አንድ መልእክት ሁለት ሦስት ቦታ እንዲገኝ ነው። ለወንድሜ ዕቃ የሚያቀርብለት አስመጪ የሚልከው ደረሰኝ «ግብር»ም «መለዋወጫ»ም መሆን ይችላል። ኖትማችም እንደዚሁ ነው የሚያስበው።

ከጂሜይል ጋር የሚያገናኘው ሌላ ፕሮግራም ነው፤ ሊየር ይባላል፣ ፊደሉ ኤል፣ አይ፣ ኢ፣ ኢ፣ አር። የጂሜይልን ሌብል ወደ ኖትማች ታግ፣ ታጉን መልሶ ወደ ሌብል ያመላልሳል።

መጫንና ማውረድ

ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) ላይ ሁለቱም በአንድ መስመር ይገባሉ። ኖትማች አንድ ቃል ነው፣ አትነጣጥሉት።

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ኖትማች ሊየር

ዊንዶውስ ያላችሁ መጀመሪያ ኡቡንቱን በደብሊውኤስኤል (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስ የሚያስኬደው የማይክሮሶፍት መሣሪያ) ጫኑ። ቀጥሎ ይሄን ጻፉ፦

ኖትማች ሴትአፕ

ስማችሁን፣ አድራሻችሁን፣ ኢሜይሉ የሚቀመጥበትን ፎልደር ይጠይቃል። የቀረውን ኢንተር እየነካችሁ እለፉት። «ኖትማች ኒው» ብላችሁ ባዶውን ማውጫ አስጀምሩት። ከዚያ በዚያው የኢሜይል ፎልደር ውስጥ ለጂሜይሉ ሌላ ፎልደር ፍጠሩ፣ ግቡበት፣ እና፦

ጂኤምአይ ኢኒት (ቀጥሎ የኢሜይል አድራሻችሁ)
ጂኤምአይ ፑል

ጂኤምአይ የሊየር ትእዛዝ ነው፤ ሦስት ፊደል ብቻ፣ ጂ፣ ኤም፣ አይ። የመጀመሪያው ብራውዘር ከፍቶ ፈቃድ ይጠይቃችኋል። ሁለተኛው ያላችሁን ኢሜይል ሁሉ ያወርዳል። የዓመታት ኢሜይል ካላችሁ ማታ አስጀምራችሁት ተኙ። ወንድሜም እንደዚያው አደረገ፤ የቀረውን በማግስቱ ጨረስነው።

ከመለጠፍ በፊት መቁጠር

ኖትማችን የወደድኩት ለዚህ ነው፦ የምትፈልጉበት ዓረፍተ ነገርና የምትለጥፉበት ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። መጀመሪያ ትቆጥራላችሁ፣ ከዚያ ታያላችሁ፣ ከዚያ ትለጥፋላችሁ። የሚቀየረው የፊተኛው ቃል ብቻ ነው።

ኖትማች ካውንት ሰብጀክት:ኢንቮይስ
ኖትማች ሰርች ሰብጀክት:ኢንቮይስ
ኖትማች ታግ +ግብር -ኢንቦክስ -- ሰብጀክት:ኢንቮይስ

መደመር ይለጥፋል፣ መቀነስ ያነሳል። ሁለቱ ሰረዞች «ታጉ እዚህ አበቃ፣ ፍለጋው ተጀመረ» ማለት ናቸው። ካውንት መልእክት ይቆጥራል፤ ሰርች ግን የሚመላለሱትን መልእክቶች በአንድ መስመር ጠቅልሎ ነው የሚያሳየው። ቁጥሩ ከመስመሩ ቢበልጥ አትደንግጡ። ታግ ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል። ዛሬ በትልቁ ነገ በትንሹ ከጻፋችሁ ሁለት የተለያዩ ታጎች ይኖሯችኋል።

ቀኑ ላይ ለእኛ የሚሆን ነገር አለ። ኖትማች የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። የ2017 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ነው። በፈረንጁ እንዲህ ይጻፋል፦

ዴት:2024-07-08..2025-07-07

መሃል ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች «እስከ» ናቸው።

ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። ከአስመጪው የመጣውን ወይም ርዕሱ ላይ ኢንቮይስ የሚል ቃል ያለበትን፣ የዓመቱን ብቻ፣ ፈለግን። እኔም ሳልቆጥር፣ ለሰው ቁጠር ቁጠር እያልኩ፣ ይሄን አስጻፍኩት፦

ኖትማች ታግ +ግብር -- ፍሮም:አስመጪው ኦር ሰብጀክት:ኢንቮይስ አንድ ዴት:2024-07-08..2025-07-07

(«አንድ» ያልኩት ቁጥሩን አይደለም፤ የእንግሊዝኛው «እና» ነው። ስልክ ላይ ወንድሜ 1 ብሎ ጽፎት ነበር።)

«አንድ» ከ«ኦር» ይልቅ አጥብቆ ያስራል። ስለዚህ ቀኑ ኢንቮይስን ብቻ ያዘ፣ አስመጪው ያለ ገደብ ቀረ። ወንድሜ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ አስመጪው የላከለት ሁሉ፣ የበዓል መልካም ምኞቱ ሳይቀር፣ ግብር ተባለ። መፍትሔው ቅንፍ ነው። ቅንፍ ካለ ደግሞ ሙሉውን ፍለጋ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፤ አለዚያ ተርሚናሉ ቅንፉን ለራሱ ይወስደዋል።

ኖትማች ካውንት '(ፍሮም:አስመጪው ኦር ሰብጀክት:ኢንቮይስ) አንድ ዴት:2024-07-08..2025-07-07'

ያዳነን ጠዋት ላይ ያስቀመጥነው ኮፒ ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ይሄን አድርጉ፦

ኖትማች ደምፕ --አውትፑት=ታጎች

ደምፕ ታጎቹን ብቻ በተራ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጣል፣ መልእክቶቹን አይደለም። ሲበላሽ፦

ኖትማች ሪስቶር --ኢንፑት=ታጎች

ሁሉም ወደ ጠዋቱ ተመለሰ። ወንድሜ «ሳትቆጥር አትለጥፍ ያልከኝ አንተ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

የአማርኛው ጣጣ

ርዕሱ በአማርኛ ከሆነ ኖትማች ፊደሉን ያውቀዋል፣ ቃሉንም ያገኘዋል። ሰዋስዋችንን ግን አያውቅም። «ደረሰኝ» ብትሉት «ደረሰኙን»ም «የደረሰኝ»ም አያመጣም። ቃሉ መጨረሻ ላይ ኮከብ ብታደርጉ ቀጣዩን ሁሉ ያመጣል፤ ግን «ደረሰኝ*» ላይ «ኝ» ወደ «ኙ» ስለምትቀየር «ደረሰኙ» አሁንም ያመልጣል። «ደረሰ*» ካላችሁ ደግሞ «እቃው ደረሰ» የሚለውም ተከትሎ ይመጣል። ከፊት የሚመጣውን «የ» ደግሞ ኮከብ አይረዳውም። እኔ ርዕስ ላይ ሁለት ዘንባላ መስመር (/) ነው የምጠቀመው፦

ኖትማች ሰርች 'ሰብጀክት:/ደረሰኝ/ ኦር ሰብጀክት:/ደረሰኙ/'

በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ቃሉ ውስጥ የትም ቢሆን ይገኛል፣ «የደረሰኝ»ም «ለደረሰኙ»ም።

ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱ ደንበኛ «ሒሳብ» ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱንም በኦር አስገቡ። የታጉን ስም ግን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጉት፤ በአማርኛም ይሠራል፣ ኪቦርድ እየቀያየሩ መጻፉ ነው የሚያናድደው።

ደንቡን ፋይል ላይ ማስቀመጥ

የሠራላችሁን ፍለጋ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ ጻፉት። «ኖትማች ታግ» የሚለውን ትታችሁ ከመደመሩ ጀምሩ። የነጠላ ጥቅሱንም ተዉት፤ እሱ ለተርሚናሉ ነበር።

+ግብር -- ሰብጀክት:ኢንቮይስ
+ባንክ -ኢንቦክስ -- ፍሮም:ባንኬ

ከዚያ በአንድ ጊዜ፦

ኖትማች ታግ --ባች --ኢንፑት=ደንብ

ደጋግማችሁ ብታስኬዱት ችግር የለውም፤ ታጉ ያለበትን አይነካም።

ወደ ጂሜይል መመለስ

እስካሁን የሠራነው ላፕቶፑ ላይ ነው፤ ጂሜይል ምንም አያውቅም። ያ ስህተቴ ቀላል የሆነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ በባዶ አስሞክሩት፣ ምን ሊቀይር እንደሆነ ይናገራል፦

ጂኤምአይ ፑሽ --ድራይ-ረን

ልክ ከመሰላችሁ የኋለኛውን ቁራጭ አንሱና ላኩት። አዲስ ታግ ከሆነ ጂሜይል ላይ ሌብሉ ራሱ ይፈጠራል። ከዚህ በኋላ የየዕለቱ ሥራ ሦስት መስመር ነው፦ ጂኤምአይ ፑል፣ ባቹ፣ ጂኤምአይ ፑሽ።

ወንድሜ ስልኩን ከፍቶ «ግብር» የሚለውን ሌብል አየው። ትንሽ ዝም አለና «የአምናውስ?» አለኝ። ለአምናው ቀኑን ብቻ ቀይሩ፦ 2023-07-08..2024-07-07። ቁጠሩ ግን።