«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» አትበሉ፦ ማክቤዝን ስናነብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሼክስፒርን ቴአትር «ማክቤዝ»ን ከተማሪዎች ጋር ባነበብኩ ቁጥር፣ የስኮትላንዱ የጦር አዛዥ ማክቤዝ ንጉሡን ደንካንን ገድሎ ዙፋኑን ለምን ያዘ ስል አንድ መልስ አይቀርም። «ጠንቋዮቹ ነገሩት፤ ታዲያ ምን ያድርግ? የአርባ ቀን ዕድሉ ነው።» እንደዚህ የሚያበሳጨኝ ስህተት የለም። ነፍሰ ገዳዩን በነፃ ያሰናብተዋል።

እስቲ ጠንቋዮቹ ያሉትን ብቻ እንይ። ሰላምታቸው ሦስት ነው። የግላሚስ ጌታ አሉት፤ እሱንማ ቀድሞም ነው። የኮዶር ጌታ አሉት፤ ንጉሥ ደንካን ማዕረጉን ከዚያ በፊት ባለው ትዕይንት ሰጥቶታል፣ ማክቤዝ ገና አልሰማም እንጂ። ስለ ወደፊቱ የተነገረው አንዱ ብቻ ነው፦ ንጉሥ ትሆናለህ። ግደል ያለው ማን ነው? ማንም! ግድያውን ያሰበው ራሱ ነው፤ ያውም እዚያው ቆሞ፣ ሐሳቡ ፀጉሩን እያቆመው። ወዲያው ደግሞ ዕድል ሊያነግሠኝ ከፈለገ እኔ ሳልንቀሳቀስ ያንግሠኝ ይላል። ዝም ብሎ መጠበቅ እንደሚቻል አውቋል ማለት ነው።

ከግድያው በፊት ለብቻው ሲሆን የሚናገረውንም አትዝለሉት። ደንካን ዘመዴ ነው፣ ንጉሤ ነው፣ ቤቴ ያደረ እንግዳዬ ነው፣ ደግ ገዥ ነው ይላል። ከምኞቴ በቀር የሚገፋኝ የለም ብሎ ያምናል። ለሚስቱም ነገሩ ይቅር ይላታል። ምርጫ የሌለው ሰው እንዲህ አያመዛዝንም።

ሁለተኛው ስህተት የማክቤዝን ባልደረባ የጦር አዛዥ ባንኮን መርሳት ነው። ጠንቋዮቹ ሲናገሩ እሱም እኮ እዚያው ነበር! ዘሮችህ ይነግሣሉ ተብሏል። ግን የጨለማ መልእክተኞች በትንሽ እውነት አጥምደው በትልቁ ይጥሉናል ብሎ አስጠነቀቀ፤ ሌሊት ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት ጸለየ። ያም ሆኖ ቅዱስ አታድርጉት። ማክቤዝን ጠርጥሮ ዝም ብሏል፤ የራሱን ትንቢት ተስፋ አድርጎ። ያም ምርጫ ነው።

«ሚስቱ ናት ያበላሸችው» የምትሉ፣ ባንኮን ሊያስገድል ሲነሳ ከእሷ እንደደበቀ ልብ በሉ።

ታሪክ ነው ብላችሁም አትጻፉ። እውነተኛው ማክቤዝ ስኮትላንድን ከ1040 እስከ 1057 እ.ኤ.አ. ገዝቷል፤ ደንካንም የሞተው በጦርነት እንጂ በእንግድነት ተኝቶ አይደለም።

ጎበዞቹ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታሉ፦ «ዕጣ የሚባል ነገር በቴአትሩ ውስጥ የለም» ይላሉ። አለ እንጂ! የበርናም ጫካ ወደ ምሽግህ እስኪመጣ አትሸነፍም፣ ከሴት የተወለደም አይጎዳህም ተብሎ ነበር፤ ጫካው ተንቀሳቅሷል፤ ማክቤዝን የገደለው ባላባት ማክደፍም ከእናቱ ማሕፀን ያለጊዜው ተቀዶ የወጣ ሆኖ ተገኝቷል። እኔን የሚያስደንቀኝ ማክቤዝ ትንቢቱን ከፋፍሎ ማመኑ ነው። የራሱን ንግሥና እንደታተመ ነገር ይቀበላል፤ የባንኮን ዘር ንግሥና ግን በነፍሰ ገዳይ ሊሰርዝ ይሞክራል። የባንኮ ልጅ ፍሊያንስ ግን አመለጠ። ማክቤዝ እጁን ባያነሳ ኖሮ ይነግሥ ነበር ወይ? ደንካን ልጁን ማልኮምን አልጋ ወራሽ አድርጎ ነበር። ቴአትሩ መልስ አይሰጥም፤ እናንተም በግድ አትስጡ።

በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉምም አነበባችሁት በእንግሊዝኛ፣ አራተኛውን ገቢር ሁለቴ አንብቡ። አሁን ጠንቋዮቹ አልመጡበትም፤ ፈልጎ የሄደው እሱ ነው። ማክደፍን ተጠንቀቅ አሉት። ማክደፍ እንግሊዝ መግባቱን ሲሰማ ሚስቱንና ልጆቹን አስፈጀ። ስለ እነሱ ጠንቋዮቹ አንዲት ቃል አልተናገሩም።